የሸራ ጫማና የጡት አባት

በዚያ ቀን ከሮቃው ዛፍ ስር የነበሩት እነዚህ ናቸው። የተማሪ ቤቱ መምህር፣ ከአስመራ የመጣ ቀጭን ሰው፣ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ከገላባት የተሻገረው አፈንዲ፣ የዚያኛው ተማሪ ቤት አስተማሪ፣ ጃንጥላውን አጥፎ። ሁለት ሽማግሌዎች፤ አንደኛው የደብሩ ቄስ፣ ሁለተኛው ማሽላ አራሽ፣ ልጁ በኳሱ ተጠባባቂ የሆነ። ሐጂ፣ የጨርቅና የጨው ነጋዴው። አንድ ባንዳ፣ ጠመንጃውን ከግንዱ አስደግፎ። አሥራ አንዱ ተጫዋቾች፣ መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠው፤ ልጄ ከዳር ሦስተኛ። እና እኔ። ከእኔ በቀር ሴት አልነበረም።

ማንንም አልረሳሁም። ብዙ ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ጣሊያን አገሩን ይዞ ነበር። ከማዶ ገላባት ላይ እንግሊዝ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ግን ጦርነቱ ገና አልመጣም። ድንበሩ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው፤ እኛ ኾር እንለዋለን። ሰው ጠዋት ኾሩን ተሻግሮ ገላባት ይገበያይና ለምሳ መተማ ይመለሳል። ልጆቹም ኳስ ለመጫወት እንዲሁ ይመላለሱ ነበር፤ አንድ ጊዜ እነሱ ይመጣሉ፣ አንድ ጊዜ የእኛዎቹ ይሄዳሉ።

የልጄ አባት ከደጋ አብሮኝ የወረደ ሰው ነው። በሁለተኛው ክረምት ወባ ወሰደው። በዚያው ወር ልጄም ተኛ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሰውነቱ ሲግል ጨርቅ በውኃ ነክሬ ግንባሩ ላይ አደርግለታለሁ፤ ሲንቀጠቀጥ ያለኝን ጨርቅ ሁሉ እደርብበታለሁ። ሐጂ ሱቃቸው ከቤቴ ፊት ለፊት ነበር። ሳይጠየቁ ኪኒን ይዘው መጡ። በየቀኑ እየመጡ ከፊታቸው እስኪውጥ ይቆማሉ። ተነሣልኝ።

እሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። ልጄ ደግሞ አባት አልነበረውም። የጡት ልጅ አድርጉት ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ማሩን ያመጣሁትም እኔ ነኝ። አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው ሰጡት፤ ልጄ ጠባው። ሚስታቸው ከጎናቸው ተቀምጠው ነበር። ሌላ ሰው አልጠራንም።

ይህ ነገር ሲደረግ ወጉ በግ ማረድ ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሥጋው ይበላል፣ የበላ ሁሉ ምስክር ይሆናል። እኛ ግን በጉን ማን ይባርከው? እነሱ የባረኩትን እኛ አንበላም፤ እኛ የባረክነውን እነሱ አይበሉም። ሁለት በግ እንረድ ብንል ደግሞ ወሬው ከደብሩ ይደርሳል፤ ቄሱ ምን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በግ አልታረደም። የሐጂ ሚስት በዓመቱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያየ ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ።

ኳሱ የመጣው በመምህሩ ነው። ሜዳው ማሽላ የታጨደበት ማሳ ነበር፤ የአገዳው ጉቶ እንደ ቢላ የሰላ ነው። ማታ ማታ የልጄን እግር ጭኔ ላይ አድርጌ ስንጥር በመርፌ አወጣለሁ። አንድ ቀን ጉቶ ከግራ ተረከዙ በላይ ገብቶ ሥጋውን ሰነጠቀው። ሐጂ ይህን አይተው የሸራ ጫማ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ አስመጡለት። ኪኒኑንም አላቋረጡም። ከአሥራ አንዱ መካከል ጫማ ያለው እሱ ብቻ ሆነ። ፈጣንም እሱ ነበር፤ ግን ከጫማው በፊትም ፈጣን ነበር።

በዚያ መካከል ሕግ ወጣ። ገላባት ላይ አንድ ነጋዴ ለአንድ ጎበዝ ተጫዋች ፍየል ሰጥቶ ለራሱ ወገን እንዲጫወት አደረገው፤ ጠብ ሆነ፣ ዱላ ተማዘዙ። የሁለቱም ከተማ ሽማግሌዎች ሮቃው ስር ተቀምጠው ተስማሙ። ተጫዋች ከአባቱ፣ ከእናቱና ከዘመዱ በቀር ከማንም ምንም አይቀበልም። የተቀበለ ከኳሱም ከተማሪ ቤቱም መዝገብ ይሰረዛል። ሐጂም በዚያ ስምምነት ላይ ተቀምጠው ነበር።

ኳሱ ለእኔ ምንም አልነበረም። መዝገቡ ግን ሌላ ነው። ስሙ በተማሪ ቤቱ መዝገብ ያለ ልጅ ለመንገድ ሥራ አይያዝም። የሌለውን ይይዙታል፤ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ብዙውም አይመለስም። እኔ የምፈልገው ያ ስም እዚያ ወረቀት ላይ እንዲቆይ ብቻ ነበር።

አፈንዲው ልጄን በጫማው ሊከስ መጣ ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን አንዲት ጎረቤቴ እሳት ልትጭር ገብታ፣ "ሰምተሻል? ሐጂ ለአርማጭሆ አርበኞች ጨውና ጥይት ያሻግራሉ ተብሏል። ጣሊያኖች ዘመዳቸውን ሁሉ እየጻፉ ነው አሉ፤ ከእሳቸው ጋር የሚነካካውን" ብላኝ ወጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለልጄም አልነገርኩትም።

ክርክሩን የጀመረው አፈንዲው ነው። አማርኛውን ከገበያ ነው የተማረው፤ ሰው ሲጠራ ግን በዓረብኛው "ያ" ይላል፣ "ሆይ" እንደ ማለት።

"ያ ጀማዓ፣ እኛ ዘንድ ፍየሉን የበላው ልጅ ጥሩ ተጫዋች ነበር። ሁለት ሰው ያህላል። አስወጣነው። አለቀሰ፤ አስወጣነው። እናንተስ?"

"ፍየልና ጫማ አንድ ነው እንዴ?" አሉ ቄሱ።

"ፍየል ኳስ አይመታም፣ ያ አቡና። ጫማ ይመታል።"

"አቡና አትበለኝ፤ ጳጳስ አይደለሁም።"

ልጆቹ ሳቁ። አራሹ ሽማግሌ አልሳቀም።

"ጫማው ብቻ መሰላችሁ?" አለ። "ኪኒንም አለ። የእኔ ልጅ በወባ ሲንዘፈዘፍ ይከርማል፤ ይኼ ኪኒን ውጦ እንደ ሚዳቋ ይሮጣል። ታዲያ ማን ይቀድማል?"

"እና ምን ይሁን? የዋጠውን ያስመልስ?" አሉ ቄሱ።

"ጫማውን አውልቆ ቢጫወትስ?" አለ መምህሩ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ልጄን ይወደው ነበር።

"እስከ ዛሬ በጫማ ያገባውስ፣ ያ ኡስታዝ? ጎሉን ከየት እንመልሰው?" አለ አፈንዲው።

ያን ጊዜ ሐጂ ተናገሩ። "ሕጉን አብረን ነው ያወጣነው። ከአባት፣ ከእናትና ከዘመድ በቀር ብለናል። እኔ የዚህ ልጅ የጡት አባት ነኝ። አባት ለልጁ ጫማ ቢሰጥ ምን ነውር አለው?"

"ከመቼ ወዲህ?" አለ አራሹ። "ከጫማው በፊት ነው ከጫማው በኋላ? ጫማ በመስጠት አባት ከተሆነማ ነገ እኔ የአሥራ አንዱም አባት ነኝ!"

"አንተ ጫማ ከየት አምጥተህ!" አለው ከልጆቹ አንዱ። ሁሉም ሳቁ፤ ባንዳው ጭምር። ልጄም ሳቀ። ጥርሱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቄሱ እጃቸውን አነሡ። "ሐጂ፣ አንቱን አላማም። የጡት አባትማ አባት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። እውነት ከሆነ ልጁ ንጹሕ ነው፣ ነገሩም እዚህ ላይ ያልቃል። ነገር ግን በስውር አይሆንም። ማን ነበረ?"

"ባለቤቴ ነበረች፤ አላህ ይዘንላት። እናቱም ነበረች። ከእናቱ ፊት ነው የጠባ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ነይ እስቲ፣ ልጄ" አሉኝ ቄሱ። "አትፍሪ። አይተሻል?"

አንድ ቃል ነበር የቀረው። አይቻለሁ ብል ልጄ ከነጫማው ይቀራል፣ ስሙም ከመዝገቡ አይወጣም። ይህን አውቅ ነበር። ግን ልክ ቄሱ ሲጠይቁኝ ባንዳው ጠመንጃውን ከግንዱ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እኔ ያየሁት እሱን ነው። ሊሰማ መጣ፣ የሐጂን ዘመድ ሊጽፍ መጣ አልኩ በልቤ። በመንገድ ሥራ ከሚያዝ በጥይት ክስ መያዙ ይብሳል ብዬ መዘንኩ።

"አላየሁም፣ አባቴ" አልኩ። "እንዲህ ያለ ነገር በቤቴ አልተደረገም።"

ድምፄ የተለመደው ድምፄ ነበር።

ሐጂ አዩኝ። ውሸታም ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከፈለጉ በቁርአናቸው ይምሉ ነበር፤ ያን ጊዜ እኔም በታቦት እማላለሁ፣ ነገሩም ከሐጂና ከእኔ አልፎ ወደ ሃይማኖት ጠብ ይሄዳል። አላደረጉትም።

"እናቱ አላየሁም ካለች አልሆነም ማለት ነው" አሉ። "ሽማግሌ ነኝ። ተሳስቼ ይሆናል።"

ልጄ "እማ" አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። አንዱ ቋጠሮ እምቢ አለውና እግሩን ወደ አፉ ስቦ በጥርሱ ፈታው። ጫማዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ከሐጂ ፊት አኖራቸው፤ ወደ ቦታውም ተመልሶ ተቀመጠ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከአባቴ ነው፤ ዳዊት ግማሽ ላይ ሳለሁ ነው የተዳርኩት። መምህሩ ብዕሩን ሲነክር ከፊቱ ቆሜ ነበር፣ መዝገቡም ለእኔ የተዘቀዘቀ ነበር። የልጄን ስም ግን ተዘቅዝቆም አውቀዋለሁ። መስመር አሰመረበት። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቆ ዘጋው።

ባንዳው ተነሥቶ ሰደፉን በእጁ ጠረገ። "ይኼ ዛፍ ጉንዳን ብቻ ነው፤ ጠመንጃዬን ወረሩት" አለ። ቀጥሎም መምህሩን፣ "ጨዋታው መቼ ነበር? ያለዚህ ልጅማ ምን ጨዋታ አለው! እኔ እሱን ለማየት ነበር የምመጣው" አለው።

ወደ ቤት ሄጄ ማሽላ አበጠርኩ። ልጄ ሲመሽ መጣ። ያቀረብኩለትን በላ። እግሩን እንዳይለት ጠየቅሁት፤ ደህና ነው አለኝ። ቆይቶ፣

"ማሩን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ?"

"የሐጂን ዘመድ እየጻፉ ነው ተባለ። ላንተ ብዬ ነው።"

"ማን አለ?"

"ጎረቤታችን።"

"ጎረቤታችን" አለ እሱም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እስከ ዛሬ ያን ጽሕፈት በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው አላገኘሁም።

ሐጂ በማግስቱ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ገዳሪፍ ሄዱ። በሳምንቱ ለመንገድ ሥራ ሰው የሚሰበስቡት መጡ። በመዝገብ የሌሉትን በስም ሲጠሩ ልጄ ቤት አልነበረም። ጠዋት ኾሩን በባዶ እግሩ ሲሻገር ያዩት ሴቶች ነገሩኝ። ውኃ ስላልነበረ አሸዋው ላይ ዱካው ይታይ ነበር። እስከ ማዶው ዳር ተከተልኩትና ተመለስኩ። ጨዋታው ተደረገ፤ ማን እንዳሸነፈ አልጠየቅሁም።

ከዚያ አንድ ወሬ ደረሰኝ። ሰሊጥ በግመል የሚያመላልስ ሰው ገዳሪፍ ከሐጂ ሱቅ አየሁት አለኝ። ጨርቅ ይለካል፣ ማታ ኳስ ይጫወታል፣ ጫማም አለው አለኝ። ለዚያ ሰው አንድ ቅል ማር ሰጠሁትና እንዲህ በልልኝ አልኩት፦ "ማሩን አይቻለሁ። ስትጠባም አይቻለሁ። ሐጂንም ይቅርታ ጠይቅልኝ።" ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። በትክክል ያዘው።

በዚያው ወራት የድንበሩ ጦርነት ተጀመረ። ገላባት ተደበደበ፣ መተማም ተደበደበ። እኛ ወደ ሳንጃ ሸሸን። ግመለኛውን ዳግመኛ አላየሁትም፤ መልእክቱ ይድረስ አይድረስ አላውቅም።

ጣሊያን ሲወጣ ገዳሪፍ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሐጂ ሞተዋል። ሱቁን የያዘው ሰው ልጁ ቀብሯቸው ሄደ አለኝ። የቱ ልጅ ብዬ ብጠይቀው፣ ልጃቸው ነዋ፣ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም አለኝ። ወዴት እንደሄደ አያውቅም። አንዱ ወደ ከሰላ ከተማ ነው ይላል፣ አንዱ ከወታደር መኪና ጋር ወጣ ይላል።

አሁን ዕድሜው ወደ አርባ ዓመት ይጠጋል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ኳስ የሚመታው በግራ እግሩ ነው። ከግራ ተረከዙ በላይ ረጅም ጠባሳ አለ። አማርኛው የጎንደር ነው። አባቱን ከጠየቃችሁት ሁለት አባት ነበሩኝ ይል ይሆናል። ያያችሁት ሰዎች ካላችሁ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ ወደ መተማ ለሚመጣ ለማንም ሰው ንገሩልኝ።