የባንተአምላክ ትንበያና የታንጉ ሰሊጥ

ባንተአምላክን ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ የማያውቀው ቢኖር ትናንት ከጎንደር አውቶቡስ የወረደ እንግዳ ብቻ ነው። ረጅም ነው፣ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፣ ባጃጅ ሲሳፈር ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ያቅፋል። ሥራው ሰው መቁጠር ነው። ወር በገባ በሠላሳው ቀን መናኸሪያ ይወርድና ከጎጃምም ከወሎም መጥተው፣ ማጭዳቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ቀጣሪ የሚጠብቁትን የቀን ሠራተኞች ቆጥሮ ለመሥሪያ ቤቱ ያስገባል። ከገለጉ ከተማ ተዛውሮ ይህን ወንበር የያዘው ባለፈው ጥር ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሰውዬ የዓመታቱን ቁጥር አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦለት ሄዷል።

ይህ ሰው እንግዲህ ፀጉሩ ገብስማ ከሆነ በኋላ ፈተና ልፈተን ብሎ ተነሣ። በኢንተርኔት የሚሰጥ የዳታ ትንተና ፈተና ነው፤ ያለፈ ሰርተፍኬት ያገኛል። ከሁሉ የከበደው ትንበያ የሚሉት ክፍል ነበር። ያለፉትን ወራት ቁጥር በተርታ ለኮምፒውተሩ ትሰጠዋለህ፣ ኩዌሪ የሚሉትን ትእዛዝ ጽፈህ ታዘዋለህ፣ እሱ ደግሞ የሚመጡትን ወራት ቁጥር ይነግርሃል። ትምህርቱ በራሳችሁ ዳታ ተለማመዱ ስለሚል፣ ባንተአምላክ የመናኸሪያውን ሠራተኞች አቀረበለት። ክረምቱን ሙሉ መብራት በመጣ ቁጥር ተቀምጦ፣ ቢንቢ እግሩን እየበላው፣ ሲጽፍና ሲሰርዝ ከረመ።

ሁለት ነገር አስቸግሮት ነበር። አንደኛው ጳጉሜ ነው። ኮምፒውተሩ ዓመት ዐሥራ ሁለት ወር ነው ብሎ ያምናል፤ ዐሥራ ሦስተኛ ብትለው አይሰማህም። ባንተአምላክ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደርቦ ገላገለውና የቀሩትን ቀኖች በእኛው አቆጣጠር እንዳሉ ተዋቸው፤ መስከረምን አንድ፣ ጥቅምትን ሁለት፣ ኅዳርን ሦስት እያለ። ሁለተኛው ችግር መንገድ ተዘግቶ ቆጠራ ያልተደረገባቸው ወራት መኖራቸው ነው። ለዚህ ትምህርቱ መላ ነበረው፦ ማንበብ ያቃተህን ቀን ባዶ አድርገህ እለፍ፤ ባዶ ወር ስታገኝ ደግሞ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ወራት አይተህ መካከለኛውን ቁጥር ሙላበት፤ ብሎ ማዘዝ ነው። አዘዘ። ኩዌሪው ሳይንተባተብ ሮጠ፣ ሰማያዊ መስመር ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ፣ ባንተአምላክም ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«ገብስማ ዶሮ ሳያሳርዱ የሚያውቁ ጠንቋይ ሆኑ አሉ» ስትል ቀለደችበት አጠገቡ የምትሠራው ሰዓዲያ።

«ጠንቋይ ይዋሻል፣ ሰዓዲያ። ይኼ ሒሳብ ነው» አላት፤ ደግሞም አምኖበት ነው።

ታንጉ ታላቅ እህቱ ናት። ዘሩ የሚባለው ባሏ ሽንፋ በኩል ሰሊጥ ያርስ ነበር፤ እሷ ገንዳ ውሃ ሻይ ቤት ስለነበራት እርሻውን ከስሙ በቀር አታውቀውም። ባሏን ወባ ገደለው። ተዝካሩ በወጣ ለታ የባሏ ወንድም ባየልኝ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተነሥቶ «ሴት ልጅ ከትራክተርና ከቀን ሠራተኛ ጋር ምን አላት? መሬቱን እኔ ልረሰውና እኩል እንካፈል» አለ። ታንጉ እምቢ አለች። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ወዲያ ወዲህ ካሉ በኋላ እንዲህ ሲሉ ቆረጡት፦ የዘንድሮን ሰሊጥ አንሥታ ካስገባች መሬቱ በእጇ ይቀራል፤ ካበላሸች ግን ባየልኝ ያርሰዋል።

እዚያ አገር ብልህ ገበሬ አጫጅ የሚይዘው ሰሊጡ ሳይደርስ ነው። በአረም ጊዜ ያመጣቸውን ልጆች ሥራ ባይኖርም እያበላ ያቆያቸዋል። ሰሊጥ ቀጠሮ አይሰጥማ፤ ደረሰ ባልህ ለታ አጭደህ፣ ነዶውን አቁመህ ሂላ የሚሉትን ክምር ካልሠራህለት ቅርፊቱ አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ታንጉ በመስከረም መጨረሻ ወንድሟ ዘንድ የመጣችው በዚሁ ነገር ተጨንቃ ነበር።

«ባንቴ፣ አረሙ አልቋል። የእኔ ሰሊጥ ዘግይቶ የተዘራ ነው፣ ለጥቅምት መጨረሻ ነው የሚደርስ። እነዚያን የጎጃም ልጆች እስከዚያ እያበላሁ ላቆያቸው ወይስ ላሰናብታቸው? ማሽላዬ ተሟጠጠ።»

«ባየልኝ ምን ይላል?»

«እሱማ የራሱን አንድ መንጋ ይዟል። እሱን ከምጠይቅ ምላሴ ይቆረጥ።»

ባንተአምላክ ላፕቶፑን ከፈተ። «ነይማ እታለም፣ ተመልከች። ይኼ መስከረም፣ ያ ኅዳር። ይኼ መሐሉ ላይ ያለው ጥቅምት ነው። መስመሩ ወረደ? አልወረደም። መናኸሪያው በሰው እንደተሞላ ነው። ያን ጊዜ የፈለግሽውን መርጠሽ ትወስጃለሽ።»

ታንጉ መስመሩን በጣቷ ተከተለችው። «ዘሩ ነፍሱን ይማረውና፣ በጥቅምት ሰው አጣሁ ሲል የሰማሁት ይመስለኛል።»

«ያ ድሮ ነው። መንገዱ መዘጋት ከጀመረ ወዲህ የሰዉ አመጣጥ ተለዋውጧል። ይኼ የብዙ ዓመት ቁጥር ነው እኮ፣ እታለም። የአንድ ሰው ወሬ አይደለም።»

«እንግዲያ ላሰናብት?»

«አሰናብቺ። እኔ አለሁልሽ።»

አሰናበተች። ልጆቹም መርቀዋት ሄዱ፤ በማግሥቱ ባየልኝ ቀጠራቸው።

ጥቅምት እያለቀ ሰሊጡ ቢጫ ሆነ። ታንጉ ከሽንፋ በጭነት መኪና መጥታ ከወንድሟ ጋር መናኸሪያ ወረዱ። ጥላው ሥር ሁለት ሽማግሌና አንድ የታመመ ልጅ ተቀምጠዋል፤ ሌላ ሰው የለም።

«ባለላፕቶፕ፣ ዛሬ ማንን ልትቆጥር ነው? ውሾቹን?» አለው አንድ ባለባጃጅ። «ሰዉ ሁሉ እርሻ ገብቷል፤ አጭዶ መናኸሪያውን የሚሞላው ኅዳር ላይ ነው። በዚህ ሰሞን አጫጅ ፍለጋ መናኸሪያ የሚመጣ አንተን አየሁ።»

በማግሥቱም መጡ፤ ያው ነው። ታንጉ ምላሴ ይቆረጥ ያለችውን ረስታ ባየልኝ ዘንድ ሄዳ ለመነች። «የእኔ ሲያልቅ» አላት፤ ነገሩም ሐሰት አልነበረም፣ የእሱም ሰሊጥ ደርሶበታል። እህትና ወንድም ማጭድ ይዘው ማሳው ውስጥ ገቡ። ባንተአምላክ ከትምህርት ቤት ወዲህ ማጭድ ጨብጦ አያውቅም። እጁ ቆሰለ፣ ወገቡ ተቆረጠ፣ የነካው ግንድ ሁሉ ፍሬውን ጫማው ላይ ያራግፍ ጀመር። ታንጉ አንድ ጊዜ ቀና ብላ እስከ ዛፎቹ ድረስ ያልታጨደውን አየችና ተመልሳ ጎንበስ አለች።

ባየልኝ ሰዎቹን ይዞ ሲደርስ ማሳው ላይ የቆመው ጭራሮ ነበር። መሬቱን በጫማው ጫር ጫር አደረገና «ይኼማ ለወፍ ነው» አለ። ሲስቅ አልታየም። ሽማግሌዎቹም መጥተው አዩ፤ እግዜር ያመጣው ነው፣ ምን ይደረጋል አሉና እንደተባለው መሬቱን ለባየልኝ ሰጡት።

ፈተናው ኅዳር ላይ ነበር። ባንተአምላክ ልቡ ባይኖርም ተቀመጠ። ጥያቄዎቹን እየመለሰ ሄዶ ሄዶ አንዱ ላይ ቆመ፦ «የካቲት ሠላሳ በሚል ቀን የገባ መረጃ ከትንበያው ውስጥ ለምን ጠፋ?» የካቲት ሲሉ የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪ ማለታቸው ነው፤ ሁለተኛው ወር፣ ከሃያ ስምንት ወይም ከሃያ ዘጠኝ ቀን የማያልፈው። ባንተአምላክ ጥያቄውን ደግሞ አነበበው። የእሱ ሁለተኛ ወር ጥቅምት ነው፤ የሚቆጥረውም በሠላሳው ቀን ነው። ኮምፒውተሩ የየዓመቱን ጥቅምት የሌለ ቀን ነው ብሎ ባዶ አድርጎታል፤ ባዶውንም መስከረምና ኅዳርን አይቶ በሰው ሞልቶታል፤ ልክ እንደታዘዘው።

መልሱን መረጠ። ትክክል ነበር። አለፈ። ከዚያ የድሮውን ፋይል ከፈተና በዓይኑ አየ፦ የጥቅምት ቁጥር በየዓመቱ ከእጅ ጣት አይበልጥም። ጳጉሜን ሲጠብቅ ጥቅምትን ተበላ።

ቢሮው ውስጥ ሰዓዲያ ለስላሳ ገዝታ አስጨበጨበችለት። አለቃው ደግሞ ለከርሞ የወረዳውን ትንበያ አንተ ነህ የምትሠራው አለው። ባንተአምላክ አመሰገነና በዚያው ወደ እህቱ ሻይ ቤት ሄዶ፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ፣ ሁሉንም ነገራት።

«ቁጥሩ ግን ነበረ?» አለች።

«ነበረ።»

«አንተ ዘንድ?»

«እኔ ዘንድ። መስመሩን ብቻ ነበር ያየሁ።»

ብርጭቆ አጠበች፣ ሌላም አጠበች።

«ነገ ለሽማግሌዎቹ እናገራለሁ፣ እታለም። ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ።»

«እንዳትለው» አለች ሳትዞር። «አሁን እግዜር የመታት ነው ብለው ያዝኑልኛል። ጎረቤቱ ማሽላ ያመጣልኛል፤ ባየልኝ እንኳ ድርሻሽን አልነፍግሽም ብሎኛል። እርሻዋን በወንድሟ ኮምፒውተር ነው ያሳረሰችው ከተባለ ግን መሳቂያ ነኝ፤ መሬቱም አይመለስ፣ ድርሻውም ይቀራል።»

«እሺ።»

«ወረቀቱን ሰጡህ?»

«ሰጡኝ። ፍሬምም አሠራሁለት።»

ብርጭቆዎቹን ደረደረችና «ስቀለው» አለች። «ለፋህ እኮ። እኔ ስመጣ ግን አውርደው።»

እንዳለችው ያደርጋል። ድምፅዋን ከአጥሩ በር ሲሰማ ተነሥቶ ያወርድና አልጋው ሥር ያስገባዋል። ገብታ ትቀመጣለች፣ ስለ ስኳር መወደድ፣ ስለ ሻይ ቤቱ ያወራሉ። ባዶው ምስማር ግድግዳው ላይ ነው፤ ሁለቱም ያዩታል።