አፈሬን ይመልስልኝ

ከግራና ከተማ በላይ ካለው ተዳፋት ጎርፍ የሚያጥበው አፈር የት እንደሚገባ እናጠናለን። መሣሪያችን የአፈሩን ማግኔትነት እየለካ ከየት እንደመጣ ይጠቁማል። ምን ያድርግልኝ ብዬ ይህን ለአያ ሰይድ እንዳስረዳሁ እንጃ! ማሳቸው ከላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው።

"ታች ማሳ ላይ ያለው የእኔ አፈር ነዋ?" አሉ።

"አብዛኛው የእርስዎ ነው" አልኩ፣ አዋቂ ነኝ ብዬ።

በማግስቱ ስመለስ ሽማግሌዎች ማሳው ዳር ተሰይመዋል። ሁለት አህያ ከነጆንያው ቆሟል።

"አፈሬን ይመልስልኝ! ወላሂ፣ ማሽኑ ይመስክር!" ይላሉ አያ ሰይድ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ታችኛው ማሳ ባለቤት ዞሩ። ጎልማሳው ቀስ ብሎ ተነሣና የአያ ሰይድን ጉልበት ሳመ።

"አባባ፣ ልጅዎን ሲድሩልኝ እኮ አፈሩ ምርቃት መስሎኝ ነው።"