የቢላው ወፍጮ ቮላኖ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ከሰሜን የመጡ ሰፋሪዎች ወደ ወለጋ በሚጓጓዙበት ዓመት ነው። ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን ሰው በጠረጠርኩ ቁጥር እየመጣ ፊቴ ይቆማል፤ እኔ ደግሞ ሰው ሳልጠረጥር የምውልበት ቀን የለኝም።

የምኖረው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” እያለ ነው ያሳደገኝ። አንዲት አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና ነበረችኝ፤ በዕድሜ ብትበልጠኝ እንጂ አታንሰኝም።

መኪኖች ሁሉ ሰፋሪ እንዲጭኑ በታዘዘ ማግስት ቮላኖዋ ተሰነጠቀ። ቮላኖ ከሞተሩ ኋላ ታስሮ የሚሽከረከር፣ ዙሪያውን ጥርስ ያለው ከባድ ክብ ብረት ነው፤ ሞተሪኖው እሱን ነክሶ ነው ሞተሩን የሚያስነሳው። ያለ እሱ መኪና የዶሮ ማደሪያ ነው።

የትራንስፖርት ኃላፊው ቤቴ ድረስ መጣና ስንጥቁን በጣቱ ዳበሰው።

“ትናንት ቡና ስትጭን ደህና ነበረች፤ ዛሬ ለሰፋሪ ሲሆን ተሰበረች? ጓድ፣ ይሄ አሻጥር ነው” አለኝ። “ስምንት ቀን ሰጥቼሃለሁ። ካልሠራች ወህኒ ትወርዳለህ። ይሄንንም ብረት እንዳትጥለው፤ ማስረጃ ነው።”

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚገጥመው የነበረ ያውቀዋል። ባለቤቴ ደግሞ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

መካኒኬ የሲሚንቶ ወረቀት ቮላኖው ላይ አንጥፎ፣ በግራሶ በተለወሰ እጁ እያሸ የብሎኖቹን ስድስት ቀዳዳ አተመልኝ። ዳር ላይ የጥርሱን ቁጥር ጻፈ። “ዓይንህን አትመን። ወረቀቱ ልክ ከተቀመጠ ይገጥማል፤ ካልተቀመጠ ጥለኸው ና” አለኝ። ያንን ወረቀት ይዤ የነቀምቴን አሮጌ ብረት ነጋዴዎች በሙሉ አዳረስኩ። ጊምቢ ሄድኩ፣ ባኮ ወረድኩ። የአንዱ ቀዳዳው አምስት ይሆናል፣ የአንዱ ጥርሱ ይበልጣል።

በአምስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ቢላ ከተማ ገባሁ። ሻይ ቤት ተቀምጬ ወረቀቱን ለባለቤቱ ሳሳይና ጭንቀቴን ስነግረው፣ አጠገቤ የነበረ ሽበታም ሰው አንገቱን አስግጎ አየ።

“አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ?” ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀኝ። ቀጥሎ በአማርኛ፣ “የቮላኖ ልክ ነው አይደል?”

ደነገጥኩ። የገጠር ሽማግሌ ቮላኖን በወረቀት ከየት ያውቃል? ከነቀምቴ ጀምሮ ተከትሎኝ ይሆን? ስሙ ፊጤ መሆኑን ነገረኝ። ባለ ወፍጮ ነው። ወፍጮውን ያዞር የነበረው ከአሮጌ የጭነት መኪና የወረደ ሞተር እንደሆነና ሞተሩ ከተቃጠለ ሁለት ዓመት እንዳለፈው አጫውቶኝ፣ “ናና እየው” አለኝ።

የወፍጮ ቤቱ በር ላይ መፈክር በቀይ ቀለም ተጽፏል። ውስጡ የሊቀመንበሩ ፎቶ ተሰቅሏል። ካድሬ ይሆን እንዴ አልኩ። ቢሆንም ወረቀቱን ቮላኖው ላይ ሳስቀምጠው ስድስቱም ቀዳዳ ልክ ሆነ። ጥርሱን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ራሱ ነው።

“ስንት ይሉኛል?” አልኩት።

“ምንም።”

ምንም! የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጥ ዋጋ ሰምቼ አላውቅም።

“የኔ ሞተር ሞቷል፤ ያንተ ይሥራ” አለኝ ኦቦ ፊጤ። “ግን ገበሬ ማኅበሩ ዕቃውን ሁሉ መዝግቦታል። አርብ ሊቆጥሩ ይመጣሉ። የተሰበረውን አምጣልኝ፣ በቦታው አስረዋለሁ። መዝገቡ ‘አንድ ቮላኖ’ ነው የሚለው፤ ይዞራል አይዞርም አይልም።”

ማስረጃዬን ነው የሚፈልገው! ኃላፊው ልኮት ይሆን?

“እንግዲያው ወጥመድ እንዳልሆነ በማርያም ይማሉልኝ” አልኩት።

ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። “መማል አልችልም። እሺ ካልኩህ እሺ ነው።”

ነቀምቴ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጴንጤ እንደማይምል አውቃለሁ። ግን ጸሎት ቤቶች በታሸጉበት በዚያ ወቅት ጴንጤ ነኝ ብሎ ለማያውቀው ሰው የሚናገር አልነበረም፤ እሱም አላለኝም። እኔ ያየሁት መፈክሩንና ፎቶውን ነው። ካድሬ ነው፣ የማይምለውም ሊያስይዘኝ ስለሆነ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቮላኖውን ግን ፈልጌዋለሁ። “ማርያምን! ሐሙስ አመጣልዎታለሁ” ብዬ እኔው ማልኩ።

ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ በላዩ በቆሎ ሞልቼ አውቶብስ ጣሪያ ላይ አስጫንኩት። ኬላ ላይ ፈታሹ በብረት ዘንግ ወጋ ሲያደርገው ቋ አለ። “የወፍጮ ዕቃ ነው” አልኩ። አሳለፈኝ። ለምን በቀላሉ አሳለፈኝ ብዬ እሱንም ጠረጠርኩት።

ረቡዕ መኪናዋ ተነሳች። ኃላፊው መጥቶ ድምጿን ሰማ፣ የተሰነጠቀውን አገላብጦ አየ።

“ታዲያ ሌላውን ከየት አገኘኸው?”

“አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ላከልኝ” አልኩ።

“ተርፈሃል” ብሎኝ ሄደ።

ሐሙስ ነጋ። የተሰነጠቀውን ጫንኩት፣ መልሼ አወረድኩት። ሰውየው የኃላፊው ጆሮ ከሆነ ውሸቴ ይጋለጣል፤ ቢላን ስረግጥ ተያዝኩ ማለት ነው። እንዲህ ሳወጣ ሳወርድ መሸ። አርብም አለፈ። ቅዳሜ ሰፋሪ ጭኜ ወጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራ ወደ ቢላ ወሰደኝ። ያን ጊዜ ብረቱን ከጭነቱ ሥር ደብቄ ያዝኩት። ወፍጮ ቤቱ ተቆልፏል። ከጓሮ የኦቦ ፊጤ ባለቤት አዴ ጫልቱ ብቅ አሉ።

“ፊጤ የለም። ሊቆጥሩ የመጡ አርብ ወሰዱት” አሉኝ። “ቮላኖውን ማን ወሰደው አሉት። ‘አላውቅም ብለህ ማልና እንልቀቅህ’ አሉት። እሱ ‘አውቃለሁ፣ ግን አልነግራችሁም’ አለ። ገረፉት። ዛሬም የሚለው ይህንኑ ነው።” ቀና ብለው አዩኝ። “ሐሙስ ይመጣል የተባለው አንተ ነህ አይደል? ሐሙስ ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር።”

 ብረቱን አውርጄ ወፍጮ ቤት አስገባሁላቸው። እሳቸውም በማግስቱ ለማኅበሩ ሰዎች “ቮላኖው ይኸው” ብለው አሳዩ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰውየው በሳምንቱ ተፈታ።

ከዚያ ወዲህ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ነቀምቴ ገበያ። ያነክሳል። ከሩቅ አይቶኝ እጁን አነሳልኝ። እግሩ ላይ መውደቅ ሲገባኝ፣ ምን ሊለኝ ይሆን ብዬ ያን ጊዜም ጠርጥሬ ከበርበሬ ጆንያዎች ጀርባ ገባሁ። ሳየው ቆየሁ። ትንሽ ዞር ዞር ብሎ ሲፈልገኝ ነበር፣ ከዚያ ሄደ።

አሁን አርፏል አሉ። እኔ ሸምግያለሁ፣ ኀፍረቱ ግን አልሸመገለም። ቮላኖውን ማን ወሰደው ተብሎ ለተጠየቀው እሱ መልስ ሳይሰጥ ሞቷል። የወሰድኩት እኔ ነኝ።