የእማዬ ምስክርነት

እማዬ ምስክርነት ትችልበታለች። እሁድ ቸርች ውስጥ ማይክ ከያዘች፣ ገና ያልመጣውን ፈውስ እንደ መጣ አድርጋ ታመሰግናለች፤ ሰዉም በእልልታ ይቀበላታል። እዚያ ሳያዩ ማመን ያስከብራል። ስለዚህ ጎረቤታችን «ማድ ቤቱን ሠርቼ ያዋስኳችሁ እኔ ነኝ» ብሎ ሲከሰኝ፣ ምስክር አድርጌ የቆጠርኩት እሷን ነበር።

ማድ ቤቱን የሠራው አባቴ ነው። አብረውት የሠሩት ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ እሱም የለም። እማዬ ያኔ እኔን ልትወልድ ወሊሶ፣ እናቷ ቤት ነበረች። ታቅፋኝ ቀራንዮ ወዳለው ቤታችን ስትመለስ ተሠርቶ ጠበቃት። «ሕፃኗን ጭስ እንዳይጎዳት ብዬ ነው» አላት አባቴ።

ከቀጠሮው በፊት፣ ከወሊሶ መቼ እንደ ተመለሰች ዛሬ የሚያስታውስ ሰው እንደሌለ ነገርኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቷታል።

ፍርድ ቤት ቆማ ከምስጋና ጀመረች። ዳኛዋ በትሕትና አቋረጧት። ቀጥላ አባቴ ማልዶ ተነሺ፣ የሰው ነገር የማይነካ እንደነበር ታወራ ጀመር፤ እንደገና አቋረጧት።

«እናቴ፣ ባለቤትዎ ማድ ቤቱን ሲሠሩ በዓይንዎ አይተዋል?» አሏት ዳኛዋ።

እማዬ ወደ እኔ ዞር አለች። የምንፈልገው አንዲት «አዎ» ነበር።

«አላየሁም» አለች። «ግን እሱ እንደ ሠራው አውቃለሁ።»

የጎረቤታችን ምስክሮች ሁለቱም ጎረቤታችን ሲሠራ «አይተናል» ብለው ነበር። ተፈረደብን፤ ማድ ቤቱንም አስረከብን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛ በየቀጠሮው ደበዘዘ። እስከ አየር ጤና ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። በዳኛዋ ተናድጄ ነበር፣ በእሷ ደግሞ የበለጠ። እሁድ ያላየችውን ሁሉ በድፍረት የምትመሰክር ሴት፣ ማክሰኞ ለቤቷ ሲሆን ዓይኗን ብቻ የምታምን ሆነች።

በሚቀጥለው እሁድ ማይኩን ይዛ «ጌታ በሐሰት ከመመስከር ጠበቀኝ» አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«አባትሽ በእጁ የሠራውን በውሸት ላቆመው?» አለችኝ።

ንዴቴ ግን አልበረደም።

አሁን በረንዳ ላይ በእንጨት ታበስላለች። ጭሱ ወደ መኝታ ክፍሌ ይገባል። ስስል ትሰማኛለች።