የወይዘሮ ዓለሚቱ ተማሪዎች

ወይዘሮ ዓለሚቱ ጀቤሳ ገርጂ ተወልደው ገርጂ የተዳሩ፣ የሁለት ላሞቻቸውን ወተት በየማለዳው እስከ ቦሌ ተሸክመው ለደንበኛ የሚያደርሱ ሴት ነበሩ። የማን በር በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ያውቃሉ።

በ1973 ዓ.ም. ገንዘቤ የምትባል የማኅበራዊ አገልግሎት ተማሪ ለመስክ ልምምድ ወደ ቀበሌያቸው ተላከች። ሥራዋ ነዋሪውን አስተባብሮ አንድ የጋራ ችግር ማስፈታት ነው። ችግር ለመፈለግ አልደከመችም። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩት ወንዝ ድልድይ ስለሌለው፣ በዘነበ ቁጥር ግማሾቹ ይቀራሉ። ማስታወቂያ ለጥፋ ለእሁድ ስብሰባ ጠራች።

የመጡት የቀበሌው ዘበኛና ወይዘሮ ዓለሚቱ ብቻ ነበሩ።

«ሰው ስብሰባ ሰልችቶታል» አሏት። «ሰኞ የሴቶች ማኅበር፣ ረቡዕ የውይይት ክበብ፣ ቅዳሜ ዘመቻ። እሁድንም ልትወስጂበት ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እማማ?»

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ነይ። ደብተርሽን ቤት ተዪው።»

ገንዘቤ አንዱን የወተት ዕቃ ተሸክማ ከበር በር ተከተለቻቸው። ሦስት ቀን ስለ ድልድዩ አስረዳች፤ ሰዉ ወተቱን ተቀብሎ በሩን ዘጋ። በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ዓለሚቱ «ዛሬ ቅጂ እንጂ አትናገሪ» አሏት።

ዝም ብላ ስትቀዳ፣ አናጢው ዋቅቶላ ራሱ ጀመረ። «ትናንት ልጄ እስከ ወገቧ ርሳ መጣች። እንጨት ቢገኝ ድልድዩን እኔ እሠራው ነበር።» ሁለት ቤት አልፈው፣ ባሕር ዛፍ ያላቸው ባልቴት ተገኙ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሠላሳ አንድ ሰው ወጣ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ድልድዩ ተሠርቶ አለቀ። መጨረሻ የሰሙት የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥተው ንግግር አደረጉ። አጭር ስለነበር ሰዉ ደስ ብሎት አጨበጨበ።

የገንዘቤ ተቆጣጣሪ አቶ ኃይለኪሮስ ግን «ቃለ ጉባኤው የታለ?» አሉ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ማን ምን እንዳመጣ፣ ማን ቃል ገብቶ እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረም አንድ በአንድ ነገሯቸው። አቶ ኃይለኪሮስ ግንድ ላይ ተቀምጠው ጻፉ።

«እሷንስ እንዴት አገኟት?»

«ስትመጣ ትናገር ነበር፤ አሁን ትሰማለች። ወተት ስትቀዳ ግን ታፈሳለች።»

ገንዘቤ ልምምዱን አለፈች። በዓመቱ አቶ ኃይለኪሮስ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ላኩ፤ ከዚያ ወዲያም ወይዘሮ ዓለሚቱን ሳይጠይቁ ለማንም ውጤት አልሰጡም። ወይዘሮዋ አንዱን ተማሪ «ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱንም ግን ራሱ ይመልሰዋል። አንድ ወር ይጨመርለት» ብለው አስጨመሩበት። ልጁ ሳምንት ሙሉ አኮረፋቸው። ሊሰናበት የመጣ ቀን ግን ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀምጦ ስለ ላሞቻቸው ጠየቃቸው፤ አንዴም አላቋረጣቸውም።