አሥራ ስምንት ለአሥራ ሰባት

የአክስቴ ባል ቼያ ቡን ስዊ በታይፒንግ ገበያ አጠገብ ሰዓት ይጠግኑ ነበር። ሱቃቸው የአንድ በር ስፋት ብቻ ነበረው። ጠረጴዛቸውን መስኮቱ ሥር አስጠግተው፣ ቀኝ ዓይናቸው ላይ ማጉያ መስተዋት ሰክተው፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ብሎኖችን በወረንጦ ያነሣሉ። ወላጆቼ ከሞቱ በኋላ እነሱ ዘንድ ስላደግሁ አጎቴ እላቸው ነበር። ሲሠሩ አይናገሩም። አክስቴ ዓሣው እሾህ በዛበት ብላ ስታማርር፣ እኔ ግን አንድም አላመለጠኝም ይሏታል። ከእሳቸው የሰማሁት ትልቁ ጉራ ይኸው ነው።

በዚያ ዘመን በከተማችን ባድሚንተን የማይጫወት ቤት አልነበረም። ቦታ ያለው መረብ፣ የሌለው የልብስ ማስጫ ገመድ ይወጥርና ላባ የተሰካባትን ትንሽ ኳስ፣ እኛ ላባ የምንላትን፣ በራኬት ሲያመላልስ ይውላል። አጎቴ በልጅነታቸው ከወደቁ ወዲህ ግራ እግራቸውን ይስቡ ስለነበር መጫወት አልቻሉም። የመስመር ዳኛ ሆኑ።

የመስመር ዳኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ መስመር ብቻ ያያል። ላባዋ መስመሩ ላይ ወይም ውስጥ ካረፈች ቀኝ እጁን ወደ መስመሩ ይጠቁማል። ውጭ ከወደቀች ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ይዘረጋል። ካላየ ደግሞ ሁለት ዓይኖቹን በመዳፎቹ ይሸፍናል። ያኔ ዋናው ዳኛም ካላየ ነጥቡ ይደገማል። ዓይን መሸፈን በሕጉ የተፈቀደ ነው፣ ነውር የለበትም። ነውር ያደረግነው እኛ ነን። አንድ ዳኛ የሸፈነ እንደሆነ ከኋላ ያሉት መነጽር እናዋጣልህ ይሉታል፤ በማግስቱ ገበያ ውስጥ ዓሣ ሻጯ ሳትቀር አንተ ሰውዬ ዛሬስ መንገዱ ታየህ ትለዋለች። አጎቴ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ጊዜም ሸፍነው አያውቁም። ሰዉ ይህንን እንደ ከተማው ሀብት ይቆጥረው ነበር።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 የሰሜን ዋንጫ ውድድር ታይፒንግ ላይ ተደረገ። ከሲያም፣ ከበርማና ከኢንዶኔዥያ ተጫዋቾች መጡ። ለወንዶች ፍጻሜ የደረሱት የሲያሙ ሳንጉዋንና የእኛው ያፕ ቾንግ ጊም ነበሩ። ቾንግ ጊም ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ነው የሚኖረው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ እናቱን በኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ደመወዙ የሚያኖር። ካሸነፈ ለአገሪቱ ቡድን እንደሚመረጥ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ነበር። ንፋስ ላባዋን እንዳይወስዳት የአዳራሹ ማራገቢያዎች ጠፍተዋል፣ መስኮቶቹ ተዘግተው ጥቁር ጨርቅ ተጋርዶባቸዋል። ከአክስቴ ጋር ላይኛው ፎቅ ተቀምጠን ነበር፤ ሙቀቱ የሸሚዛችንን ክር ያረጥብ ነበር። ከዚያ እንደ ልማዱ ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የዋናው ዳኛ ድምፅ ጠፋ፣ የሚታየው እጅ ብቻ ሆነ። አንደኛውን ዙር ሳንጉዋን አሥራ አምስት ለዘጠኝ ወሰደ። ሁለተኛውን ቾንግ ጊም አሥራ አምስት ለአሥራ አንድ። ሦስተኛው አሥራ ሦስት እኩል ሆነና እስከ አሥራ ስምንት ተራዘመ። አሥራ ሰባት እኩል ሆኑ፤ የሚለጋው ቾንግ ጊም ነበር። በዚያን ጊዜ ሕግ ነጥብ የሚቆጠረው ለሚለጋው ብቻ ነው።

ተመላለሱ፣ ተመላለሱ። በመጨረሻ ሳንጉዋን ላባዋን ከፍ አድርጎ አጎቴ ወደሚጠብቁት ወደ ኋላው መስመር ላካት። ቾንግ ጊም ሳይመታ ተዋት። ወደቀች። አጎቴ ሁለት እጆቻቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። አሥራ ስምንት ለአሥራ ሰባት። አዳራሹ ከዝናቡ በላይ ጮኸ፣ ቾንግ ጊምን ትከሻ ላይ አወጡት። ሳንጉዋን መስመሩን ለአፍታ አየና ዳኛውን ሊጨብጥ ሄደ።

አጎቴ በዚያን ቀን እራት አልበሉም። አክስቴ ሾርባውን ሁለቴ አሞቀች። በኋላ ነው ቀና ሳይሉ የነገሩን። ላባዋ ስትወርድ ከግንባራቸው ላብ ወርዶ ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ጨፈኑ። ሲገልጡ ላባዋ ወለሉ ላይ እየተንከባለለች ነበር፤ የት እንዳረፈች አላዩም። እጆቻቸው ወደ ዓይናቸው ተነሡ፣ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ታያቸው፣ አሥራ አንድ ዓመቱም ታያቸውና እጆቹ በመንገድ ላይ ወደ ጎን ሄዱ።

“ውጭ ልትሆንም ትችላለች እኮ” አለች አክስቴ።

“ልትሆን ትችላለች።”

“እንግዲያስ ምን አስጨነቀህ?”

“አላየሁማ” አሉ። “ውስጥ ብትሆን እንኳ ጨዋታው አያልቅም ነበር፤ መለጋቱ ለሲያሙ ልጅ ያልፍ ነበር እንጂ። ማን ሊያሸንፍ ይችል እንደነበር እኔም፣ እነሱም፣ ማንም አያውቅም። እኔ ነኝ የጨረስኩት።”

ጋዜጣው በማግስቱ ውጤቶቹን ሁሉ አንድ ዓምድ ውስጥ አወጣ፤ የሴቶች፣ የጥንድ፣ የድብልቅ። አጎቴ በየዓመቱ ውጤት ቆርጠው ደብተር ላይ ይለጥፉ ነበር። የዚያን ቀን መቀሱን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። ሳንጉዋን ወደ ሰሜን የሚወስደው ባቡር ረፋዱ ላይ እንደሚነሣ ያውቃሉ። ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለበሱ፣ መንገዱ እርጥብ ስለነበር እጃቸውን ይዤ አብሬያቸው ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድሁ።

ሳንጉዋን አባቱ የእኛው ሰው ስለነበር ቋንቋችንን በደንብ ይሰማል። ሻንጣው ላይ ተቀምጦ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይበላ ነበር። አጎቴን ሲያይ ተነሣና እጁን ጠረገ። ሁሉንም ሳያሳጥሩ ነገሩት። ላቡን፣ ዓይናቸውን፣ ኀፍረታቸውን። ልጁ እስኪጨርሱ ጠበቀ።

“ታዲያ ውስጥ ነበረች ወይስ ውጭ?” አለ።

“አላውቅም፣ ልጄ።”

“ቢያንስ ምን ይመስልዎታል?”

“የሚመስለኝን ብነግርህ ሁለተኛ መዋሸት ነው።”

ሳንጉዋን ቅጠሉን አጣጠፈው። “ትናንት ማታ ተሸንፌአለሁ ብዬ ተኝቼ ነበር፤ ደህና እንቅልፍ። አሁን ምን ይዤ ልግባ? እናቴ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?” ቁጣ አልነበረበትም፤ ከልቡ ነበር የሚጠይቀው። ባቡሩ መጣ። ልጁ ከመሳፈሩ በፊት ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው፣ እሳቸውም ነሡት።

ስንመለስ የእኛን በር አልፈው ቾንግ ጊም ቤት ገቡ። ቤቱ በጎረቤት ተሞልቶ ነበር፤ እናቱ እትዬ ኬንግ የሩዝ ኬክ እያደለች ነበር። ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ለሁለቱ ነገሯቸው። እትዬ ኬንግ ሳህኑን አስቀመጠች።

“ለማን ተናገርክ?”

“ለሲያሙ ልጅ። ከዚህ ወደ ባድሚንተን ማኅበሩ እሄዳለሁ።”

“አሃ። የአንተ ሆድ እንዲቀለው የእኔ ልጅ ጾሙን ይደር! ጨዋ ሰው ነህ አሉ፤ ጨዋነትህን በገዛ ቤትህ ዕቃ አታደርገውም ነበር?”

አጎቴ እውነት ነው አሉ። ቾንግ ጊም ዋንጫው ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ነበር። እኔ የተውኳት ውጭ ትወድቃለች ብዬ ነው፣ ስትወድቅ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር አለ። ከዚያ እንደፈለጉ ያድርጉ አላቸውና ወደ ጓዳ ገባ።

የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ቴቫዳሳን ሕጉን በቃላቸው የሚያውቁ፣ ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ዋናው ዳኛ የጠራው ውጤት አይሻርም አሉ፤ ሳንጉዋን ራሱ ቢመጣ አይሻርም። አጎቴ ይሻር አላልኩም፣ አለማየቴ ይጻፍ ነው ያልሁት አሉ። አቶ ቴቫዳሳን ብዕራቸውን አንሥተው፣ “አቶ ቼያ፣ ይህ ከተጻፈ መራጮቹ ዘንድ ይደርሳል። ያን ልጅ ሊተዉት ይችላሉ። አሁንም ልጻፈው?” ብለው ጠየቁ።

አጎቴ ያንን ጥያቄ ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። ሦስት ቀን ሱቅ ከፈቱ፤ ሰዓት ያመጣላቸውን ሰው ሁሉ ግን ነገ ና እያሉ መለሱት። ቢያስጽፉ ምንም ያላጠፋውን ልጅ ይጎዳሉ። ቢተዉት ደግሞ ያላዩትን ነገር አየሁ ብለው ዕድሜያቸውን ሊጨርሱ ነው። አክስቴ በመካከል ገብታ አልመከረችም፤ ሌሊት ግን ሁለቱም ሲገላበጡ እሰማ ነበር።

በአራተኛው ቀን ቾንግ ጊም ራሱ ሱቅ መጣ። ከቆጣሪ ንባብ ሲመለስ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ኮፍያ አላወለቀም። “መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ላባዋ ውጭ ነበረች አይደል ይለኛል” አለ። “እኔም አዎ እላለሁ። ሥራ ላይ አዎ፣ ገበያ ላይ አዎ።”

“ያስጽፉት፣ አጎቴ” አለ። “አዎ ማለት ሰለቸኝ።”

“እናትህስ?”

“እሷ አትምርዎትም። እኔ ግን መጥቻለሁ።”

ተጻፈ። ጋዜጣውም ከታች በኩል ሦስት መስመር አወጣ። መራጮቹ ቾንግ ጊምን አልጣሉትም፤ ኢፖ ሄዶ ከአንድ የዚያው ከተማ ልጅ ጋር እንዲጋጠምና ያሸነፈው ቡድኑን እንዲቀላቀል ወሰኑ። በታይፒንግ ግን የአጎቴ ስም ተለወጠ። ሰዓታቸውን ወደ ሌላ ሠሪ የወሰዱ ነበሩ፤ ዓይን የሌለው ሰው ዘንድ ሰዓት ምን ይሠራል እያሉ። ዓሣ ሻጯም አልተወቻቸውም። አንድ ቀን የተመዘነላቸውን ዓሣ እያሳየች ይህ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ ብትላቸው፣ ሚዛንሽ ላይ ስለሆነ አላምነውም አሏት፤ ከዚያ በኋላ ማሾፏን ትንሽ ቀነሰች።

ወደ ኢፖ በአውቶቡስ ሦስታችን ሄድን፤ ቾንግ ጊም፣ አጎቴና እኔ። ቾንግ ጊም ነው ይምጡ ያላቸው። እትዬ ኬንግ ቀረች። አጎቴ መስመር ላይ ሳይሆን ከተመልካች መካከል ተቀመጡ። ቾንግ ጊም በሚገባ ተጫወተ፤ የኢፖው ልጅ ግን በለጠው። አሥራ አምስት ለአሥር፣ አሥራ አምስት ለአሥራ ሁለት። አንዲትም አከራካሪ ኳስ አልነበረችም።

ስንመለስ መሽቶ፣ ዝናቡ የአውቶቡሱን መስኮት ይመታ ነበር። አጎቴ ከቾንግ ጊም ፊት ለፊት ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። ኩዋላ ካንግሳር የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ነው የተናገሩት።

“በድዬሃለሁ” አሉት።

ቾንግ ጊም ራኬቱን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጅማቶቹን በጣቱ ያስተካክል ነበር።

“እንጃ፣ አጎቴ። ይኼኛውን መሸነፌን ግን አውቀዋለሁ” አለ። ከዚያም ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ እስከ ታይፒንግ ድረስ ተኛ።