የእትዬ አስካለ ፍሬን

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ የማያውቅ ሰው "ሞያሌ ነው ያደግሁት" ቢለኝ አላምነውም። ከተቃጠለ ጎማ ይለያል፤ ኮምጠጥ ይላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ልብስ ላይ ያድራል። ባለፈው ሳምንት ነዳጅ ማደያዬ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ያ ሽታ ከቁልቁለቱ ወርዶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ተከትሎትም አንድ አሮጌ ፒካፕ እያቃሰተ መጣ። ከኋላ መከላከያው ላይ አንድ ጎልማሳ ቆሟል፤ በአንድ እጁ የጭነቱን ብረት ጨብጧል፣ በሌላው ጎማ ስር የሚወረወር የእንጨት ታኮ ይዟል።

"ነዳጅ የለም" አልኩት ሾፌሩን።

"ኳ ኒኒ ማማ? ለምን? ሌላው ሰው ሲቀዳ እያየሁ?"

"ላንተ የለም። መጀመሪያ ፍሬንህን አሠራ። ሰውዬውን ደግሞ ጋቢና አስገባው።"

በስዋሂሊም በአማርኛም ሰደበኝ። ማደያ ከፍታ ነዳጅ አልሸጥም የምትል ሴት ጤና የላትም አለ። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። በሽታው ግን ዛሬ የጀመረኝ አይደለም፤ በልጅነቴ የተጋባብኝ ነው፣ ያጋቡብኝም እትዬ አስካለ ናቸው።

እትዬ አስካለ ጎረቤታችንም የአባቴ አሠሪም ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ከአንዲት ሱቅና መሪዋ በቀኝ ከሆነ አንዲት አሮጌ የኬንያ ፒካፕ ጋር ቀሩ። ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ "ሴት ልጅ በመኪና ምን ታደርጋለች? ሽጪው" ቢላቸው ሰሙና በሳምንቱ መንዳት ጀመሩ። አጭር ስለነበሩ እግራቸው ፔዳሉ ላይ እንዲደርስ ከጀርባቸው ትራስ ይሸጉጣሉ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያስራሉ። ኬንያዎቹ "ማማ ፒካፕ" ይሏቸው ነበር። ፒካፗ ድሮ ሰማያዊ ነበረች ይላሉ፤ እኔ ሳውቃት የአፈሩን ቀለም ወስዳ ነበር። በሯ ሲዘጋ ሁለቴ ጓ ጓ ይላል። መስኮቷ የሚወርደው በካቻቢቴ ነው። ውስጧ ቤንዚን፣ የፍየል ጠጉርና ከቦሪ መንደር ሴቶች ጀሪካን የፈሰሰ የግመል ወተት ይሸታል። እኔ ያን ሽታ እወደው ነበር።

ያኔ አስፋልት የሚባል ነገር የለም። ከከተማው በኬንያ በኩል ወዳለችው ሶሎሎ የሚያወርደው ቁልቁለት ድንጋይና ፈሰስ ብቻ ነበር። ያሮጌዎቹ መኪኖች ፍሬን ደግሞ ታምቡር የሚሉት ከበሮ መሳይ ብረት ነው፤ ሸራው እታምቡሩ ሆድ ውስጥ ተዘግቶ ይግልና መያዝ ይተዋል። ሾፌሩ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ይረግጣል። በሦስተኛው ካልያዘ ጥሩምባ ያሰማል። ይሄን ጊዜ ከኋላ የቆመው ታኮ ያዥ ዘሎ ይወርድና እየሮጠ ታኮውን ከጎማው ፊት ይወረውራል። ወግ ስለነበር ማንም አልገረመውም። ታኮ ያዥ ጋቢና አይገባም፤ ዝናብም ቢሆን፣ ፀሐይም ቢሆን፣ ቦታው ውጪ ነው። ከሾፌር ጎን ቢቀመጥ እንደ ጥጋብ ነበር የሚቆጠርበት።

የእትዬ አስካለ ታኮ ያዥ አባቴ ነበር። ወልዴ ይባላል። ወታደር ነበረ፤ መንግሥት ሲለወጥ ድንበር ተሻግሮ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ገባ። እናቴ እዚያው ካምፕ በወባ ሞተች። ካምፑ ሲዘጋ እኔን ታቅፎ መሄጃ ሲያጣ ሥራ የሰጡት እትዬ አስካለ ናቸው። እሱ ከኔ በቀር፣ እኔም ከሱ በቀር ማንም አልነበረንም። ጠዋት ታኮውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወጣ፣ ማታ እስኪመለስ ድረስ ጆሮዬ የዚያች መኪና በር ጓ ጓ ሲል መስማት ብቻ ነበር የሚፈልገው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን በሩ ሳይመሽ ተሰማ። የባለሱቁን የጋሽ ንጉሤን ዱቄት ጭነው ወደ ሶሎሎ ሲወርዱ ፍሬኑ እምቢ ብሎ፣ አባቴ ዘሎ ታኮውን ሲወረውር ድንጋይ መትቶ ነጠረ። አንስቶ በግራ እጁ ገፋው። ጎማው እንጨቱ ላይ ሲወጣ እጁም አብሮ ነበር። መኪናዋ ቆመች። አባቴ ቤት የገባው እጁ በእትዬ አስካለ ነጠላ ተጠቅልሎ ነው፤ ሁለት ጣቶቹ አልነበሩም።

ሰፈሩ "እንኳን ነፍስህ ተረፈች" ብሎ ጠይቆ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ንጉሤ ዱቄታቸው አላስችል ብሏቸው መጡ።

"አስካለ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ እንጂ። ሞያሌ ሙሉ ሥራ ፈት አይደለም እንዴ?"

"ሰው ፍሬን አይደለም" አሉ እትዬ አስካለ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። "የሚይዝ ፍሬን እስኪኖራት ይቺ መኪና ከዚህ ንቅንቅ አትልም።"

"ኧረ ተይ፣ የፍሬን ነገር የእግዜር ነው።"

"እግዜር ሸራ አይቀይርም፣ ጋሽ ንጉሤ። በሱ አያሳቡ።"

ቁልፉን ከአንገታቸው ማተብ ጋር አሰሩት። መኪናዋ በራቸው ላይ ቆመች፤ ዶሮዎች ኮፈኗ ላይ ያድሩ ጀመር። ነጋዴው አኮረፋቸው። ሾፌሮች ሲያልፉ ጥሩምባ እየነፉ "ማማ ፒካፕ፣ ሻማ አብሪላት!" ይሉ ነበር። እሳቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት እየላጡ ያይዋቸዋል። ልጅ ሆኜ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ሰው ሳይጮህ እምቢ ማለት እንደሚችል ነው።

በኬንያው በኩል መካኒክ "ፈንዲ" ይባላል። የኛ ሰፈር ፈንዲ ዋሪዮ የሚባል ቀጭን ቦረና ነበር፤ ሲያስብ ብሎን ጥርሱ መሃል ይይዛል። መኪናዋ ስር ገብቶ ወጣና "ማማ፣ ሸራ መቀየር ካዚ ያ ቡሬ ነው፤ ልፋት ብቻ። ነገ ይግልና ያው ነው" አለ። ምስማር አንስቶ አፈሩ ላይ ሳለላቸው። ታምቡር ሙቀቱን ሆዱ ውስጥ ይይዛል፤ ዲስክ የሚባለው ክብ ብረት ግን ገላጣ ነው፣ ነፋስ ያገኘዋል፣ ከግራና ከቀኝ ሸራው ሲነክሰው ይይዛል። ለዚያች መኪና የሚሆን ዲስክ ያላት ከሷ በኋላ የተሠራችው የዓይነቷ ታናሽ እህት ብቻ ናት። እሷም አንዲት አለች፤ ዋልዳ አጠገብ ተገልብጣ የቀረች።

እትዬ አስካለ በማግስቱ የሰው ሎሪ ጭነት አናት ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። የተገለበጠችውን መኪና ሰው መልሶ በጎማዋ አቁሟት፣ አንድ ሽማግሌ ከሆዷ ስር ግልገሎቻቸውን የሚያሳድሩባት በረት ሆና አገኘናት። ሽማግሌው መስተዋቷን ውሰዱ፣ በሯን ውሰዱ አሉ፤ ዲስኩ ከወጣ ግን መኪናዋ በሆዷ መሬት ላይ ትወድቃለች፣ ግልገሎቹ የት ይደሩ? እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጠበቁ። ገጀራ ተዋሱ። ሁለት ቀን ሙሉ እሾህ እየቆረጡ፣ እየጎተቱ አዲስ በረት አጠሩላቸው። ክንዳቸው ከክርናቸው በታች ደም በደም ሆነ። ሽማግሌው በረቱን ዞረው ነቀነቁት፤ አልተነቃነቀም። "ቶሌ" አሉ፤ ይሁን ማለታቸው ነው። ዲስኮቹን በጆንያ ጠቅልለን ስንመለስ እትዬ አስካለ እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አድርገዋቸው ነበር።

አባቴ ግን ደስ አላለውም። ዋሪዮ ታምቡሩን በመዶሻ ሲያወልቅ ድምፁ ቤታችን ድረስ ይሰማል፤ በየምቱ ፊቱ ይጠቁራል። በመጨረሻ ተነስቶ ሄደ።

"እትዬ፣ መኪናዋ ራሷን ካቆመች እኔ ምን ልሠራ ነው?"

"ከጎኔ ትቀመጣለህ። ጭነቱን ታስጭናለህ፣ ታራግፋለህ፣ ደንበኛውን ታነጋግራለህ።"

"ጋቢና?"

"አዎ፣ ጋቢና።"

"ምጽዋት አልፈልግም።"

እትዬ አስካለ የታሰረውን እጁን አዩት። "መስጠት ብችልማ ኖሮ ጣቶችህን ነበር የምመልስልህ" አሉ። አባቴ ወደ ቤት ተመለሰ። ያን ቀን እራት አልበላም፤ እኔም የእትዬ አስካለን መኪና ጠላኋት። ፍሬን ካገኘች አባቴ ሥራ ያጣል፤ ካላገኘች አባቴን አጣለሁ። በዚያ ዕድሜዬ ሁለቱን የማስታርቅበት ጭንቅላት አልነበረኝም።

ዋሪዮ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘውን ፓምፕም ለወጠው፤ አሮጌው ለዲስክ ጉልበት የለውም አለ። ከዚያ የፍሬን ዘይቱን ሞልተው አየሩን አወጡ። እትዬ አስካለ ይረግጣሉ፣ እሱ ብሎኑን ይፈታል፣ ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ይፈላል። አረፋው እስኪያልቅ ረገጡ። "ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ" ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበር።

የገበያ ቀን መርጠው፣ የጋሽ ንጉሤን ዱቄት ጭነው ወጡ። ደባብቆ መሞከር አልፈለጉም። ቁልቁለቱ ግራና ቀኝ ሰው ቆሟል፤ ገሚሱ ሊያይ፣ ገሚሱ ሊስቅ። አባቴ ጋቢና ተቀምጧል። ታኮውን ግን "አልለየውም" ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። እኔ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር መንገዱ ዳር ነበርኩ።

መኪናዋ ወረደች። መሃል ላይ ስትደርስ እትዬ አስካለ ረገጡ፤ በልማድ፣ ሦስቴ ሊረግጡ፣ በሙሉ ኃይላቸው። በመጀመሪያው ያዘች። ከያዘችበት አልፋ አንድ ክንድ አልሄደችም። ዱቄቱ ተንሸራቶ የጋቢናውን ጀርባ ሲመታ አንዱ ጆንያ ፈነዳና መኪናዋ በነጭ ደመና ተሸፈነች።

ከደመናው ውስጥ አባቴ እየሮጠ ወጣ። የጋቢናውን በር በርግዶ፣ ታኮውን ይዞ፣ የቆመች መኪና ፊት ፊት እየሮጠ። እግሩ መኪናዋ መቆሟን አልሰማም። አምስት ስድስት እርምጃ ካለፋት በኋላ ዞር ብሎ አየ። ታኮውን የሚያስቀምጥበት አጣ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እትዬ አስካለ ወረዱ። ዱቄት ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ነበር። "ምን ያስቃል?" አሉ። "የዚህን ሰው እግር እንዲህ ያስለመድነው እኛ ነን። እንደ እንጨት መኪና ስር ስንወረውረው የኖርነው እኛ ነን። አንዳችሁ እንኳ አፍሮ ወደ ቤቱ ይሂድ እንጂ!" ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ጋሽ ንጉሤ የፈሰሰ ዱቄታቸውን ሊያዩ መጥተው ከፈነዳው ጆንያ አጠገብ ቆሙ።

"ወልዴ፣ ግባ" አሉ እትዬ አስካለ።

አባቴ ታኮውን አየው፣ እጁን አየው። ከዚያ ታኮውን ጭነቱ ላይ ወረወረውና ገባ። በሩ ጓ ጓ አለ።

ከዚያ ወዲህ ያች መኪና ታኮ ያዥ ኖሯት አያውቅም። ከሾፌሮቹ "የሴት ቅብጠት ነው" ያሉ ነበሩ፤ ድምፃቸውን አጥፍተው ዋሪዮ ጋ የሄዱም ነበሩ። እትዬ አስካለ ለሁለቱም ግድ አልነበራቸውም። ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆናቸው። ፒካፗ ዛሬ የኔ ናት፤ መንዳት ያስተማሩኝም በሷ ነው፣ በዚያው ትራስ። ባለፈው ሳምንት የመለስኩት ሾፌር ሌላ ማደያ ሄዶ ቀድቷል አሉ። ይቅዳ። ነገም ቢመጣ ከኔ አያገኝም።

እሁድ እሁድ አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ በዚያ ቁልቁለት እወርዳለሁ። አሁን አስፋልት ነው፤ ጎማው ድምፅ የለውም። አርጅቷል፣ መንገድ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ግን ሁልጊዜ ይነቃል። ሦስት ጣት የቀረው ግራ እጁ ቀስ ብሎ ይሄድና የበሩን እጀታ ይይዛል። እኔ ፍሬኑን አንዴ ነካ አደርገዋለሁ፤ እንዲሰማው ብዬ ነው። መኪናዋ ትይዛለች። እጁን እጀታው ላይ እንዳደረገ፣ በሩን ሳይከፍት፣ አብረን እንወርዳለን።